ድፋት ስል ቅናት

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ይህን አጀንዳ የሰጠችኝ ሚስቴ ናት። የአንድ መድን ድርጅት ስጦታ ነው። ዓመቱ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የእኔ ማክሰኞ እሱ ዘንድ ሌላ ቀን ነው። "በእኔ ላይ ከምትነጫነጭ እዚህ ላይ ተነጫነጭ፤ ወረቀት አይሰለቸውም" አለችኝ። ስሟ ሕሊና ነው። ሰውአገኝ ሕሊና የለውም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል፤ አለችኝ፣ እንቅልፍም አታስተኛኝም።

መብራት ማለዳ ሄደች። አራት ሰዓት ላይ በሙሉ ክብሯ ተመለሰች፤ ከክብሯም ብዛት ማሽናችንን አቃጠለችው። ዘጠኝ ዓመት የክፈፍና የበር ጠርዝ ስታወጣልን የኖረች፣ የሚስቴ ወንድም ምንይችል "ራውተር"፣ አብረውኝ የሚሠሩት አያ አወቀ ደግሞ "ፍሬዛ" የሚሏት ማሽን አንዴ አቃሰተች፣ ጭስ ተፋች፣ አረፈች። ነፍስ ይማር።

ጊዜ መምረጥ ታውቅበታለች። ከጠዳ ማዶ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለኅዳር ሚካኤል ትመረቃለች፤ ሃያ የሥዕል ክፈፍ በዋንዛ አዘውናል። ስምንቱ አልቀዋል። አሥራ ሁለቱን በጥርሳችን እየፋቅን እናወጣቸው ይሆናል።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ይህን ማንም አያነበውም፣ ሕሊና ግን ታነበዋለች፤ ስለዚህ ነገሩን ላስረዳ።

ጠረጴዛችን መሃሉ ቀዳዳ ነው። ማሽኗ ከስሩ ተገልብጣ ትታሰርና የሚሽከረከረው መቁረጫዋ፣ እኛ ጥርስ የምንለው፣ በቀዳዳው ብቅ ይላል። እኔ ከላይ እንጨቱን እገፋለሁ። ጥርሱ ከፍ ካለ በጥልቀት ይበላል፣ ዝቅ ካለ ጭሮ ያልፋል። በሌላው ዓለም ማሽኗን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ "ሊፍት" የሚባል ዕቃ አለ አሉ። የእኛ ሊፍት አያ አወቀ ናቸው። ጠረጴዛው ስር ዱካ በሚሏት አጭር በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ግራ እጃቸው የጠረጴዛውን እግር ይይዛል፣ ቀኝ እጃቸው ማሽኗን።

ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። መላጊያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወርክሾፑ በእኔ ስም ከተመዘገበ ወዲህ ግን እኔ አሠሪ፣ እሳቸው ሠራተኛ ሆነዋል ይባላል። እንግዲህ መምህሬን "ዝቅ አድርግ፣ ከፍ አድርግ" ብዬ በየትኛው አፌ ልዘዝ? "እባክዎ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ" ብዬ እስክጨርስ ደግሞ እንጨቱ ይጨሳል።

መላውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። እንጨት ከመጨበጣቸው በፊት የዜማ ተማሪ ነበሩና የዜማ ምልክቶቹን አመጡ። ቅናት ስል ጥርሱ ከፍ ይላል። ድፋት ስል ዝቅ። ርክርክ ስል በጥቂት በጥቂቱ። ይዘት ስል ይቆለፋል። ቁርጥ ስል ማሽኗ ትጠፋለች። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ማንንም አላዘዘም፤ አብረን ዘመርን እንጂ። ቅዱስ ያሬድ ይቅር ይበለን።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ትናንት ፒያሳ ማሽን ሳገላብጥ ዋልኩ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፤ ሦስቱንም "ከዚህች የተሻለች የለችም" እያለ ነው ያሳየኝ።

ቀይዋ ትንሽ ናት። ኃይሏ ፀጉር ለማድረቅ ይበቃል። ፍጥነት መቀነሻ ስለሌላት ሰፊ ጥርስ ቢያስሩባት ዋንዛውን ጠብሳ ነው የምታወጣው። "ኦርጅናል ናት?" ብዬ ብጠይቀው "እንዴታ! ኦርጅናል ቻይና!" አለኝ።

አረንጓዴዋ ጉልበታም ናት። ግን እጀታዋን ጨብጠው ካልያዟት ትጠፋለች፤ ለጥንቃቄ ነው አለኝ። ተገልብጣ ጠረጴዛ ስር ለምትኖር ማሽን፣ ዕድሜ ልኳን እጇን የሚይዝላት ሰው መቅጠር ነው። ሞላዋም ጠንካራ ነው። ሰው ወደ ላይ ሲገፋት እሱ ወደ ታች ይገፋል። ጥርስ ልቀይር ቢሉ ደግሞ ማሰሪያ ነቷ ከጠረጴዛው በላይ ስለማይደርስ ማሽኗን ሙሉ በሙሉ መፍታት ሊኖር ነው።

ሰማያዊዋ ጉልበት አላት። ፍጥነቷ ይቀነሳል። አንዴ ከበራች በርታ ትቀራለች። ነቷ ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ይላል፤ ጥርስ ሲቀየር ማንም አይንበረከክም። መቀመጫዋ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች። "ጠረጴዛህን በዚህች ትክክል ትበሳውና ከላይ ቁልፍ አስገብተህ ስታዞር ከፍና ዝቅ ትልልሃለች። ሊፍትም አያስፈልግህ፣ ከስር ሰውም አያስፈልግህ" አለኝ።

ሰማያዊዋን አልወደድኳትም። ቀለሟ ደስ አይልም።

ጥቅምት 4

ምንይችል መጣ። ምንይችል እንጨት ነክቶ አያውቅም፤ ስልኩን ግን ይነካል። አሜሪካኖች የሚሠሩትን ሁሉ አልጋው ላይ ተጋድሞ ያያል። "ሊፍት ሳይኖርህ ጠረጴዛ አለኝ አትበል" አለኝ። ዋጋውን ጠየቅሁት። ከማሽኗ ይበልጣል። የት ይገኛል? "መንገዱ ሲከፈት ከአዲስ አበባ፣ ካልሆነም ከዱባይ።" ሊፍት አለኝ በሰማይ፣ ሲወጣም አላይ። ደግሞም በዚህች ከተማ ፎቅ ላይ የተገጠመ ሊፍት እንኳ ከምረቃው ቀን በኋላ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

አላረፈም። ከአንድ ሹፌር የመኪና ክሪክ ተውሶ አመጣ። "ከስሯ አስቀምጠህ ስታሽከረክረው ሊፍት ማለት ይኸው ነው!" አያ አወቀ ዱካቸውን ለቀው ቆሙ። ክሪኩ በቦታቸው ተቀመጠ። ትክ ብለው አዩት።

"ይቺ ምሳ ትበላለች?" አሉ።

"ኧረ አያ፣ ብረት እኮ ናት" አለ ምንይችል።

"ደመወዝስ?"

"አትጠይቅም።"

"ሸጋ ሠራተኛ አገኛችሁ" አሉና አቧራ ሊያራግፉ ወጡ።

ክሪኩን ለሹፌሩ መልስ አልኩት። ይንቀጠቀጣል ብዬ ነው።

ጥቅምት 6

ምንይችል አዘዞ ካለ ጓደኛው አሮጌ ማሽን ተውሶልናል፤ የራሳችንን እስክንገዛ። ስትነሳ ወፍጮ ቤት የገባን ይመስላል። ግን ትሠራለች።

ሕሊና በስልክ ለእናቷ "ራውተር ሊገዛ ነው" ስትል ተሰምቷል። ዛሬ ሁለት ጎረቤቶች መጥተው የዋይፋይ ፓስወርድ ጠየቁኝ። አንደኛው ከአሁኑ "ምነው ሰውአገኝ፣ ለጎረቤት ትሰስታለህ?" ብሎ አኩርፏል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

እትዬ የትነበርሽ ከአጥራችን ማዶ ጠላ ይሸጣሉ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ ከች አሉ። ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ልጄ ሰውአገኝ፣ አንተ የተባረክህ ሰው ነህ" ብለው ጀመሩ እትዬ የትነበርሽ። በዚህ የሚጀምር ንግግር መጨረሻው አያምርም። "ነገር ግን ሽማግሌን እንዲህ አያዋርዱም። አያ አወቀን ቀኑን ሙሉ 'ቅናት! ቅናት!' እያልክ ስትጮህባቸው እሰማለሁ። ቢቀኑስ? ሰው ናቸው። ወርክሾፑ የእሳቸው ነበር፣ ዛሬ ያንተ ሆነ። ትንሽ ቢቀኑ ምን ይፈረድባቸዋል?"

የዜማ ምልክት ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው "መጽሐፍ ጠቅሶ መሳደብም ስድብ ነው" አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋቸው።

ደጃፍ ላይ እትዬ የትነበርሽ እንዲህ አሉ፦ "ድሮ እንዲህ አትጮህም ነበር፤ ዘንድሮ ነው የባሰብህ።"

የተዋስናት ማሽን ድምፅ ስላላት ነው። (ማሽኗ የመጣችው ሐሙስ ነው። ይህን አላነሳሁላቸውም።)

ጥቅምት 12

አንድ ጣውላ ተበላሸ። ድፋት አልኩ፣ ጥርሱ ከፍ አለ። ከዳር እስከ ዳር ቦረቦረው። "መብራቱ ነው" አልኩ። አያ አወቀ ከስር "ምን?" አሉ። "መብራቱ!" "እንዴ፣ ጠፋ እንዴ?" አሉ። ማሽኗ እየጮኸች ነበር።

መብራቱ ነው። ኃይሉ ይዋዥቃል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አያ አወቀን ይዤ ባለሱቁ ዘንድ ሄድኩ። በመንገድ ሦስት ሰው ሰላም አላቸው፤ ለአንዱም አልመለሱም። ሐሳብ ይዟቸዋል።

ቀይዋን አንስተው እንደ ድንች መዘኗትና አስቀመጧት። አረንጓዴዋን ገለበጧት፣ ሞላዋን ጫን አደረጉት፣ "ይቺስ ትራገጣለች" አሉ። ከዚያ ሰማያዊዋን ያዙ። ብዙ ቆዩ። መቀመጫዋን በጣታቸው ዳበሷትና ቀዳዳዋን አገኟት።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ባለሱቁ አስረዳቸው። እጁን እያወዛወዘ፣ ከላይ ቁልፉን እያዞረ። "ከስር ሰው አያስፈልግም!" ሲል በጣቱ ጭምር "የለም" የሚል ምልክት አሳያቸው።

አያ አወቀ አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ ደፈኑ። ሌላውን እጃቸውን ማሽኗ ላይ ዘርግተው ቀሩ። እስክንወጣ ድረስ ጣታቸውን አላነሱም።

"ሸጋ ናት" አሉኝ ደጅ ስንደርስ።

"እናስብበታለን" አልኩ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሰማያዊዋን የማልገዛበት ምክንያት፦ ገመዷ አጭር ነው። ከባድ ናት። መለዋወጫ ላይገኝላት ይችላል። ባለሱቁ ብዙ ያወራል። ቀለሟን ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ።

ሕሊና ከትከሻዬ ላይ አነበበችው። "ገመዷን በማራዘሚያ አትቀጥለውም?" አለች። ሴት ልጅ ስለ ማሽን ምን ታውቃለች ልል ነበር፤ ግን ማሽን ሱቁ ካሉት ሁሉ እሷ እንደምትሻል ትዝ አለኝ።

"ሰውአገኝ፣ አንተ የምትፈራው ማሽኗን አይደለም" አለች። ከዚያ ራት አቀረበች። ሰው ነገር ጀምሮ ራት ያቀርባል?

ጥቅምት 20

ቅናት፣ ድፋት ቀርቷል። አሁን ጠረጴዛውን በእግሬ እመታለሁ። አንድ ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ። አያ አወቀ እጃቸው የጠረጴዛው እግር ላይ ስለሆነ ይሰማቸዋል።

ዘመናዊ አሠራር ነው። ምንይችል ስልኩ ላይ አላየውም እንጂ።

ጫማዬ ፊቱ ተቀደደ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ከገጠር መጡ፤ ክፈፎቹን ያዘዙን እሳቸው ናቸው። የአያ አወቀ የዜማ ቤት ጓደኛም ናቸው። የተጠናቀቁትን አሥራ ሁለቱን በመዳፋቸው እያሹ ተመለከቱ። "ስምንቱስ?" አሉ። "እየደረሱ ነው።" "ሚካኤልም እየደረሰ ነው" አሉ።

አያ አወቀ ጀርባቸውን ሰጥተው መሮ ይስላሉ። መሪጌታ ከኋላ "አወቀ! እንዴት ሰነበትክ?" አሉ። መልስ የለም። ሁለተኛ አልሞከሩም።

ሲወጡ ለሕሊና ሲነግሯት ሰማሁ። "አወቀ ዘንድሮ ኮርቷል። በማኅሌት እንኳ ጎን ለጎን ቆመን ሳናግረው ፊቱን አያዞርም። እርጅና ትሕትና ያመጣል ሲባል ነበር።"

ኮርተዋል። በሰባ አንድ ዓመታቸው ኩራት ጀመራቸው። እኔም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልመጣልኝም።

ጥቅምት 27

በቀኝ እጄ እጽፋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተነካው ግራ ነው።

መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሄዳለች ተባለ። ቸኮልን። ማሽኗን ሳናጠፋ ከፍ ዝቅ እናደርጋታለን፤ ለማንም አይነገርም፣ ነውር ነው፣ እኔ ራሴ ሌላ ሰው ሲያደርገው ባይ እቆጣለሁ። እግሬ ደክሞኝ ነበርና በአፌ ጮህኩ። "ድፋት!" ጥርሱ ወደ ታች ሰጠመ ብዬ ብናኙን በግራ እጄ ልጠርግ ሰደድኩ።

አልሰጠመም። ወጣ።

የሌባ ጣቴ ጫፍ ከነጥፍሩ ጥቂት ሄዷል። ሌባ ናትና ቅጣቷን አገኘች።

ጨርቅ ጠመጠምኩበት። አያ አወቀ ከስር ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ ደሙን አዩ። ጨርቁን አዩ። እኔን አዩ። "መብራቱ ነው፣ ይዋዥቃል" አልኩ። ብናኙን ከደሙ ጋር በመዳፋቸው ጠረጉት፣ ዱካቸውን አጥር ጥግ አስቀመጡት፣ ሄዱ።

ለሕሊና "ቢላዋ ነው" አልኳት። ጣቴን ፈታ አየችው። "ቢላዋው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?" አለችኝ።

ጥቅምት 28

አልመጡም። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ደክሟቸው ይሆናል።

ጥቅምት 29

አልመጡም። ዱካው እዚያው ነው። ብቻዬን ሞከርኩ፤ ከስር ተንበርክኬ አስተካክላለሁ፣ ወጥቼ እገፋለሁ፣ ተመልሼ እንበረከካለሁ። በስግደት ቢቆጠርልኝ እጸድቅ ነበር። በቀን አንድ ጎን ወጣ።

ምንይችል ደወለ። "አሁን ገባህ? ሊፍት ነበር የሚያስፈልግህ።" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

የጽጌ የመጨረሻው እሑድ። ሊነጋጋ ሲል ቁስቋም ሄድኩ። ለጸሎት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አያ አወቀን ፍለጋ ነው።

ሌሊቱን የቆመው ማኅሌት ገና አላበቃም። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ከሰልፉ ዳር ናቸው፣ ከከበሮው አጠገብ። ሁልጊዜ ከከበሮው አጠገብ ነው የሚቆሙት፤ ስለሚወዱት ይመስለኝ ነበር። የሌላው መቋሚያ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የእሳቸው ዓይን እየተከተለ ነው የሚያዘነብለው። አፋቸው ከፊት ለፊታቸው የቆሙትን የደብሩን መሪጌታ አፍ ይከተላል። በአንድ ዓይን ጥቅሻ ወደኋላ ቀርተው ይደርሳሉ። ሌሎቹን ሲመሩ የኖሩ ሰው! ከበሮው ሲመታ ብቻ ነው ከሁሉም እኩል የሚሆኑት፤ በባዶ እግራቸው ከወለሉ ላይ ይሰሙታል።

አያ አወቀ ጆሯቸው አይሰማም።

ይኸው፣ ጻፍኩት። መብራት አይደለም፣ ኩራት አይደለም፣ ሐሳብም አይደለም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ለራሴ ልዋሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አነሳሁ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። ካወቅሁ በኋላም ከስር አስቀምጬ ጮህኩባቸው፣ ጠረጴዛውን በእርግጫ ደበደብኩ። ሰማያዊዋን ብገዛ ከስር ሰው አያስፈልግም፤ ከስር ሰው ካላስፈለገ "እንግዲህ አያ አወቀ፣ ይረፉ" የምለው እኔ ነኝ። እንጨት ያስተማሩኝን ሰው፣ ወርክሾፑን በስሜ ያደረጉልኝን ሰው! ይህን ከማለት ጣቴ ቢቆረጥ መረጥኩ። እሷም ተቆረጠች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው አናጢ አልነበረም።

ፈሪ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያኑም ሳላናግራቸው ተመለስኩ። ነገ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ንግግሬን በመንገድ እያጠናሁ ነበር። "አያ፣ እርስዎ አባቴ ነዎት" የሚል መግቢያ፣ "ጡረታ" የሚል መሃል፣ መጨረሻውን አልደረስኩበትም። መሮ ልይዝ ወርክሾፕ ጎራ ስል በሩ ክፍት ነው።

አያ አወቀ ጠረጴዛውን ገልብጠው በእጅ መሰርሰሪያ እየበሱት ነው።

"አያ! ምን እያደረጉ ነው?" አልኩ። አልሰሙኝም። ዞሬ ፊታቸው ቆምኩ። ቀና አሉ።

"ቀዳዳዋን" አሉ። "ከመሃሉ አራት ጣት ከአውራ ጣት ጥፍር። ማሽኗ ስትመጣ ልክ ትገባለች።"

"የትኛዋ ማሽን?"

"ሰማያዊቷ ነዋ! ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ለካኋት አይደል?" አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ እንደደፈኑ፣ ሌላውንም እጅ ዘርግተው አሳዩኝ።

እየለኩ ነበር። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን አውራ ጣት እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ ቀዳዳዋን ከእኔ የደበቁ፣ እንጀራቸውን የደፈኑ መስሎኝ። አናጢ ሆኜ አናጢ ሲለካ አላወቅሁም።

"ሸጋ ናት አልኩህ። ትገዛለህ ብዬ ብጠብቅ ለምንይችል ቀለሟ አልጣመኝም አልከው አሉ። ምነው፣ ልታገባት ነው?"

"አያ፣ እኔ እኮ ከስር ሰው አያስፈልግም ሲባል..." ብዬ ጮህኩ።

"አትጩህ። ወደ እኔ ዙርና ቀስ ብለህ ተናገር።" ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ከስር ሆኜ የማየው ጉልበትህን ነው። ጉልበት አይናገርም። ከላይ ብሆን አፍህን አያለሁ። ቁልፉን ከላይ የሚያዞረው ሰው ማን ነው አልክ? አንተማ ሁለት እጅህ እንጨቱ ላይ ነው።"

ይህን አላሰብኩትም። ገመዷን አስቤያለሁ፣ ክብደቷን አስቤያለሁ፣ ቀለሟን አስቤያለሁ።

"ድፋትና ቅናት ለደከመ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም 'አት' ብለው ነው የሚደርሱት" አሉ። "ለዓይን ግን ለየቅል ናቸው። ድፋት ስትል ጥርስህ ከንፈርህን ይነክሳል። ቅናት ስትል አይነክስም። ማኅሌት ላይ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የቆምኩት።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተስ?"

የጣቴን ጨርቅ አጠበቅሁ።

"የእኔስ ጆሮዬ ነው" አሉ። "ያንተ አፍህ ምን ሆኖ ነው?"

ግራ እጄን ያዙና ጨርቁን ፈቱት። ብዙ አዩት። "ይህን ያደረግሁህ እኔ ነኝ" አሉ። መብራቱ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬን እያዩ ነበር። ዘጋሁት። አለቀስኩ፤ ማልቀስ ድምፅ አይፈልግም። እሳቸውም አለቀሱ፣ ከዚያ በዚያው ጨርቅ አፍንጫቸውን ጠረጉና "ሂድ ግዛት፣ ስድስት ክፈፍ ይቀራል" አሉኝ።

ባለሱቁ "አልነገርኩህም? ከዚህች የተሻለች የለችም!" አለኝ።

ኅዳር 3

ማሽኗ በቀዳዳው ልክ ገባች። የፀጉር ያህል እንኳ አልሳተም። ከስር ገብቼ ያሰርኳት እኔ ነኝ። እዚያ ታች ምን እንደሚታይ ዛሬ አየሁ፦ ብናኝና የሰው ጉልበት።

ዱካው አጭር ነው፤ ከላይ ለመቀመጥ አይደርስም። እግሮቹን በዋንዛ አስረዘምኩለት።

አዲስ ሕግ፦ ማሽኗ ሳትጠፋ ቁልፍ አይዞርም። ያወጡት እሳቸው ናቸው። የተጣሰው በማን ጊዜ እንደሆነ አልተነሳም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ትናንት ቁስቋም ነግሣ ገባች። ሥራ የለም። መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ለንግሥ መጥተው ነበር። ጎተት አድርጌ ነገርኳቸው፤ "ፊት ለፊት ቆመው ያናግሯቸው፣ ኮርተው አይደለም" አልኳቸው። ከሰው ሁሉ መሃል ሄደው አያ አወቀ ፊት ተገተሩና አፋቸውን እንደ በር ከፍተው "እን-ዴት ሰ-ነ-በትክ!" አሉ። አያ አወቀ "ምነው፣ ደንቁረሃል እንዴ?" አሏቸው።

ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ኅዳር 9

አለቀ። ሃያ። ያቺን የተቦረቦረች ጣውላ አያ አወቀ አልጣሏትም ነበር፤ ጉድጓዷን በቀጭን የዋንዛ ልጣጭ ሞልተው ሃያኛውን ክፈፍ አደረጓት። ሥፍራዋን ካልነገሩት ሰው አያገኛትም። እኔ ግን በጨለማም አገኛታለሁ።

የመጨረሻውን ጎን ልናወጣ ስንል ማሽኗን አጠፋሁ። ጥርሱ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት። ከልማድ ብዛት ጉሮሮዬን ከፍቼ "ድፋት!" ብዬ ጮህኩ። ከአጥር ማዶ እትዬ የትነበርሽ "ደግሞ ጀመራችሁ!" ሲሉ ሰማሁ።

አያ አወቀ ከፊት ለፊቴ፣ ከፍ ባለው ዱካቸው ላይ፣ ቁልፉን ይዘው ፊቴን ያያሉ። "ምን ያስጮህሃል?" አሉ። "እያየሁህ።"

አንዴ ዝቅ አደረጉት። ጎንበስ ብዬ ለካሁ፤ ገና ነው፣ አንድ ፀጉር ይቀረዋል። ቀና ብዬ አየኋቸው። ድምፅ አላወጣሁም። ከንፈሬን ነከስኩ።

ጥርሱ ዝቅ አለ።